ሁለት ፖስታ፣ አንድ ዋጋ

ሐይቅ፣ ግንቦት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለሀኒያ፤ አንካራ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ዘንድሮ ከአምናው ይሻላል፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺስ? ጉንጭሽ መጉደሉን ስልክ አይደብቀውም፤ እዚያ አገር እህል የለም እንዴ? አረፋን በሰላም ዋልን። ለእነ ስህን እንደ ወትሮው ዓሣ ጠብሼ ወሰድኩላቸው። ባሏ ታረቀኝም መረቀሽ፣ ስምሽን ሁለቴ ጠርቶ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። የምነግርሽን ነገር በስልክ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቴም ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ፊትሽን እያየሁ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ደግነቱ ጓደኛሽ ዑምኩልሱም ለአረፋ መጥታ ሐሙስ ወደ እናንተ ትመለሳለች፤ ይህንንም በርበሬውንም ትይዝልሻለች። በርበሬውን ለሰው አትስጪ።

ነገሩ የጨረታው ነገር ነው። "ተሰረዘ" ብዬሽ ዘግቼዋለሁ፤ ለምን እንደተሰረዘ ግን አልነገርኩሽም። የምታውቂውንም ጭምር ከሥሩ ልጀምር፤ እናትሽ ከመሃል መጀመር አትችልበትም።

እኔና ስህን ዓሣ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጢስ ስናስል ኖረናል። አንቺን ወልጄ ታምሜ ጡቴ ሲደርቅ አርባ ቀን ያጠባችሽ እሷ መሆኗን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሥጋ ብንነግድ ኖሮ ፉክክር የሚባል ነገር አናውቅም ነበር፤ የእኔን እስላሙ፣ የእሷን ክርስቲያኑ ይበላል፣ አለቀ። ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደውም። ቆሮሶ ከመረብ ወጥቶ መጥበሻ ላይ እስኪወድቅ ሃይማኖቱን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ከሚኒባስ የወረደ ሰው ሁሉ የሁለታችንም ደንበኛ ነው፤ እኛም ለሃያ ሁለት ዓመት ወዳጅም ባላንጣም ሆነን ኖርን።

ባላንጣነታችን ግን ደንብ ነበረው። ረመዳን ሲገባ ትልቁን መጥበሻዬን ተሸክሜ ለስህን እወስድላታለሁ፤ ቀን ቀን ስለምዘጋ ደንበኞቼም መጥበሻውን ተከትለው ይሄዳሉ። ሁዳዴ ሲገባ እሷ ትዘጋለች። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ ወንዶቹ እስከ ፋሲካ ይከራከራሉ፤ ስህን ክርክር አትወድም፣ በሯን ትዘጋና መጥበሻውን ከራሷ ደንበኞች ጋር ትመልስልኛለች። አንድም ቀን ደንበኛዬን አስቀረሽብኝ ተባብለን አናውቅም። ባስቀርባት በዓመቱ መጥበሻው አይመለስማ።

እነዚህን ጥቂት ዓመታት ሁለቱ ጾሞች ተደራረቡ፤ ዘንድሮማ ጭራሽ በአንድ ሳምንት ገቡ። ሁለታችንም ዘጋን። መጥበሻው ተቀባይ አጥቶ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ሥራ ፈት ሴት ምን ትሠራለች? ታስባለች። የሼዱ ጨረታ የወጣው በዚያ ሰሞን ነው።

ወደ ሐይቁ የሚወርደውን አዲሱን የኮብልስቶን መንገድ በፎቶ አይተሽዋል። ከእንግዲህ ሚኒባሱ ሰው የሚያራግፈው እዚያ ነው። መንገዱ የሚያልቅበት፣ ውሃው ዳር፣ ለዓሣ ቤት የሚሆን አንድ ሼድ ተሠርቶ በወር ኪራይ ለጨረታ ወጣ። ሼዱ አንድ ነው። እሱን ያገኘች ትኖራለች፤ ያጣች አሮጌው መንገድ ላይ ተቀምጣ ዝንብ እሽ ትላለች። ስህንም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ተመዘገብን፣ ሁለታችንም ለየብቻችን፣ ሳንነጋገር።

እኔም ለአንቺ ደወልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ለመቼ ልትሆኚኝ ነው? "እማ፣ ይሄ እኮ የምማረው ነው፤ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ይባላል" አልሽኝ። ጨዋታ ስትዪ የአባትሽ ገበጣ ነበር የመሰለኝ። ወረቀት አስይዘሽ አራት ሳጥን አስሠራሽኝ፤ በጎን "አንቺ"፣ ከላይ "እትዬ"፣ ስህንን እንደምትጠሪያት። ከፍ ያለ ዋጋ፣ ዝቅ ያለ ዋጋ። በየሳጥኑ ሁለት ሁለት ቁጥር፣ የግራው የእኔ ጥቅም፣ የቀኙ የእሷ። "ያንቺን ቁጥር ብቻ እዪ እማ" አልሽ። "እሷ ከፍ ብታደርግም ዝቅ ብታደርግም ላንቺ የሚሻልሽ ከፍ ማድረግ ነው።" በጣቴ እየተከተልኩ አየሁት፤ እውነትሽን ነው። መነሻው ስምንት ሺህ ነበር፤ እስከ አሥራ ሦስት ሺህ ሂጂ አልሽኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስህንን እንደ ጎረቤት ማየት ትቼ መሰለል ጀመርኩ። አንድ የገበያ ቀን ጊደሯን እየነዳች ውጫሌ ወረደች፤ ማታ ገመዱን ብቻ ይዛ ተመለሰች። "አሃ፣ ለጨረታው ነው" አልኩ። በማግስቱ ደሴ ሄጄ ጉትቻዬን ሸጥኩ። በቪዲዮ "ጉትቻሽስ?" ስትዪኝ ጆሮዬን አሳክኮኝ አወለቅኩት ያልኩሽ ውሸት ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ለካ ስህንም ባዶ ጆሮዬን እያየች የራሷን ሒሳብ ትሠራ ነበር። ሰላምታችን ደረቀ። "እንዴት አደርሽ" ስትለኝ እንኳ ከኋላው ምን አለ ብዬ እፈትሸዋለሁ። ልጄ፣ ያን ሰሞን ራሴን ጠላሁት።

ፋሲካ ደረሰ። እንኳን አደረሳችሁ ልል ገባሁ። ታረቀኝን ታውቂዋለሽ፤ በሐይቁ ላይ ካለው ጀልባ ግማሹን በእጁ የሠራ አናጢ ነው። ለስላሳ ሊቀዳልኝ ተነሣ። ጠርሙሱን አጋድሎ ከብርጭቆው አንድ ጣት አሳልፎ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው፤ ማፍሰሱንም አላወቀም። ስህን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ የለመደች ሰው አጠራረግ። ከዚያ ሊሸኘኝ ሲነሣ መቃኑን በመዳፉ ፈለገው።

ጊደሯ ለጨረታ አልነበረም የተሸጠችው። ለዓይኑ ነበር። መጋዙን ካስቀመጠ ስድስት ወሩ ኖሯል፤ እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ሆኜ አላየሁም። በዚያ ቤት ከስህን መጥበሻ ሌላ እንጀራ የለም።

ቤቴ ገብቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በጦርነቱ፣ በሽሽቱ ዓመት፣ ከሁላችን ቀድማ የተመለሰችው ስህን ነበረች። በየቀኑ የራሷን ምድጃ ካቀጣጠለች በኋላ መጥታ የእኔንም ታቀጣጥለው ነበር፤ ጢስ የሚወጣበት ቤት ባለቤት አለው ብሎ የሚያልፈው እንዲያልፍ። ስንመለስ ደጃፌ እንደተዘጋ ጠበቀኝ። ይህን በየትኛው ሳጥንሽ ላስገባው?

የዋጋ ማስገቢያው ቀን ያልሽኝን አሥራ ሦስት ሺህ ጻፍኩ። አየሁት። በሳጥኑ ውስጥ የእኔ ቁጥር ትልቅ ነው፤ ከጎኑ ያለው የስህን ዜሮ ግን ዓይኔን ወጋኝ። ያንቺን ብቻ እዪ ብለሽኝ ነበር፤ አልሆነልኝም። ቀደድኩት። ጨርሶ እንዳልተወው፣ አንድ ተጫራች ብቻ ከቀረበ ፖስታው አይከፈትም ተብሏል። ስለዚህ ስምንት ሺህ ብዬ መነሻውን ጻፍኩ፣ አንድ ብር ሳልጨምር። ስህን አንድ ብር ከጨመረች አሸነፈች። ያን ቀን ከረመዳን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላሁት ጣመኝ።

ፖስታው በሕዝብ ፊት ተከፈተ። የመጀመሪያው፣ ስምንት ሺህ፤ የእኔ። ስህን ወደ እኔ ዞራ ደነገጠች፤ ለምን እንደደነገጠች አልገባኝም። ሁለተኛው ተከፈተ። ስምንት ሺህ።

የጨረታው ኮሚቴ ሰብሳቢ መነጽሩን አወለቀ። "እናንተ ሴቶች፣ ምን ተመካክራችሁ ነው?"

"ምንም" አልን ባንድ አፍ፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

"ግድግዳ ለግድግዳ የሚነግዱ፣ በአንድ ቀን ያስገቡ፣ አንድ ዋጋ የጻፉ! ይሄ ዋጋ ለማውረድ መመሳጠር ኻልሆነ ምን ይባላል? ያስቀጣል እኮ!"

"ግሸን ማርያምን አልተማከርንም!" አልኩ እኔ።

"ወላሂ አልተማከርንም!" አለች ስህን።

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ሰብሳቢው ሳይስቅ ስህንን ጠየቃት፤ "እሺ፣ መነሻውን ለምን ጻፍሽ?"

ስህን ነጠላዋን ስታጣጥፍ ስትዘረጋ ቆየችና፣ "እሷ እንድታሸንፍ" አለች። "ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇ ሰው አገር ናት። ጆሮዋን እዩት እስቲ፤ ወርቋን ሸጣ ልካላታለች። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ታረቀኝ አለልኝ።"

"ታረቀኝማ ዓይኑ..." ብዬ አፌን ያዝኩ።

"ዓይኑን ኸማን ሰማሽ?"

"ለስላሳው ነገረኝ!" አልኩና አለቀስኩ። በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን።

ሰብሳቢው ማስረጃ አለሽ ወይ አላት። ስህን ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። "ሌላ ሐሳብ ቢኖረኝ ይሄን እሰማ ነበር። ልጅ እንኳ ከፍ አድርጊ ብላ መክራኝ ነበር" አለች። ወረቀቱ ሲዘረጋ ከተቀመጥኩበት አየሁት። አራት ሳጥን። በጎን "አንቺ" ይላል። ከላይ "እማ" ይላል። ከሥሩ በስህን እጅ፣ "ያንቺን ቁጥር ብቻ እዪ።"

ልጄ፣ ስህን እኔን "እማ" ብላ አታውቅም። እኔን እማ የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው።

ከቦርሳዬ የእኔን አወጣሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ሰብሳቢው አንዴ ያንን፣ አንዴ ይህን አየ። "ይቺ ልጅ የት ነው የምትማረው?" አለ በመጨረሻ። ከዚያ ጨረታው ተሰርዟል፣ በድጋሚ ይወጣል አለ። ወረቀቱን ሲመልስልን ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ተለያይቶ መግባት ኻቃታችሁ ተሻርካችሁ ግቡ፤ ሕጉ አይከለክልም" አለን።

ሁለት ቀን ተቆጣሁሽ። መደበቅ አልፈልግም። የእናትሽን ምስጢር እየሰማሽ፣ ስልኩን ዘግተሽ ለባላንጣዋ መልሰሽ ትደውያለሽ? በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ። ሁለት ያጠቡሽ ሴቶች እያንዳንዳቸው በስውር ሲጠይቁሽ ምን ታደርጊ? ዝም ብትዪ አንዷን መክዳት ነው፤ ብትናገሪም መክዳት ነው። የአንዷን ለአንዷ ሳታወጪ፣ ያመንሽበትን ለሁለታችንም እኩል ሰጠሽ። ያን ሰሞን ዓይንሽ ቀልቶ ሳይሽ "ፈተና ነው እማ" ትዪኝ ነበር። እውነትሽን ነበር ልጄ። አፉ በዪኝ።

በዚያው ቀን ስህን ሳታንኳኳ ገባች፤ አንኳኩታም አታውቅ። ግድግዳው ላይ የከረመውን መጥበሻ አወረደችና አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። "ይሄንን ይዘን ነው የምንወርደው" አለችኝ። "የምንወርደው" ስትል እኔና እሷን ማለቷ ነው። ከዚያ ሁለታችንም ቁጭ ብለን እስኪወጣልን ሳቅን።

ሁለተኛው ጨረታ ግን ቀልድ አልነበረም። ወሬው ደሴ ደርሶ ጁማ የሚባል ባለሆቴል ተመዘገበ። ገንዘብ አለው። አንቺን እንጠይቃት ስላት ስህን፣ "ተዪያት፣ ለሦስት ሰው ሳጥን ስትሠራ ወረቀት ይጨርስባታል" አለችኝ። ራሳችን አሰብነው። ሼዱ ለጁማና ለእኛ እኩል አይደለም። ጁማ ብቻውን ነው፤ ረመዳን ሲገባ ቀን ቀን ይዘጋል። እኛ ዘንድ ግን በረመዳን ስህን ትጠብሳለች፣ በሁዳዴ እኔ። ከርሞ ደግሞ ረመዳኑ ሲወጣ ነው ሁዳዴ የሚገባው፤ ምድጃው አንድ ቀን አይጠፋም። የእሱ ዓመት ወር የጎደለው ነው፣ የእኛ ጳጉሜንም ጨምሮ ሙሉ። ስለዚህ ሳይጎዳን ከእሱ ትንሽ ከፍ ማለት እንችላለን።

አንድ ቅዳሜ ራሱ ጁማ እንደ ደንበኛ መጥቶ ዓሣ አዘዘ። ማንነቱን ዓሣ አጥማጆቹ ሹክ ብለውን ነበር።

"ገበያው እንዴት ነው እናት?" አላት ስህንን።

"ጥሩ ነው፤ ረመዳንና ክረምቱ ሲቀር።"

"ረመዳን ምን ታደርጋላችሁ?"

"እኔ አለሁ፣ እጠብሳለሁ። ሁዳዴ ላይ እሷ ትጠብሳለች። ላንተስ ማን ሊጠብስልህ ነው ልጄ?"

እግሯን በእግሬ ብረግጣት አልመለስ አለች። ጁማ ቀስ ብሎ አኘከ፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራ። ከሄደ በኋላ ጮህኩባት፤ "ምን ሆነሽ ነው ሁሉን የዘረገፍሽለት?" እሷም ዳጣውን እየከደነች፣ "ሳያውቅ ኻሸነፈ እሱም ይከስራል፣ እኛም እናጣዋለን። ለሁላችንም እውነቱ ይሻላል" አለችኝ። አንቺ በአንድ ወቅት ጨረታ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ከሁሉ አብልጦ የተሳሳተው ነው ብለሽኝ ነበር። ስህን ይህን ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ወይስ ይህንንም አንቺ ነሽ?

ባለፈው ሳምንት ፖስታው ተከፈተ። ጁማ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ። እኛ አሥር ሺህ ሁለት መቶ። ስህን እልል ስትል የውሃው ወፍ ሁሉ ተነሣ። ጁማ መጥቶ እጃችንን ጨበጠና በሳምንት ሁለት ቀን ለሆቴሉ ዓሣ እንድናቀርብለት ጠየቀን። እኔ ወዲያው እሺ ልል ስል አሁን ደግሞ የተረገጠው የእኔ እግር ነው፤ ስህን "እናስብበታለን" አለችው። ከማን እንደተማረች እንጃ።

ሰኔ ሲገባ እንከፍታለን። የታረቀኝ አንድ ዓይኑ በቀዶ ጥገና ይተርፋል ብለዋል፤ ቀጠሮው ለሰኔ ሃያ ነው። ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም ብሎ ለሼዱ አግዳሚ ወንበር በመዳፉ እየዳሰሰ ይልጋል። የወንበሩ አንዱ እግር ቢያጥርም ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ከሥሩ ጠጠር አድርገንበታል።

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ። የሽርክናው ወረቀት ላይ ሦስት ስም ሰፍሯል። ሦስተኛው ያንቺ ነው፤ "የመከረችን ልጅ ድርሻ የላትም እንዴ?" ያለችው ስህን ናት። እኔና እሷ ፈርመናል። ያንቺ ፊርማ ቦታ ባዶ ነው። ውክልና ከዚያ መላክ ይቻላል፣ አይቸኩልም አሉን። ከጉትቻው ገንዘብ ግማሹ ተርፏል። ስህን ሌላ ጉትቻ ግዢበት ብትለኝም አልነካሁትም። ከአንካራ የአውሮፕላን ትኬት ስንት እንደሆነ ዑምኩልሱምን ጠየቅኋት፤ እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው። ትምህርትሽን ጨርሺ። ከዚያ እዚያው ሥራ ካገኘሽም እሰየው፤ እኔ ምንም አልልሽም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ወረቀት አለች። እንዳስተማርሽኝ ሠርቼዋለሁ፤ ሁለት ሳጥን ብቻ ነው። በአንዱ "መምጣት"፣ በአንዱ "መቅረት" ብያለሁ። የግራውን ቁጥር አንቺ ሙዪው። የቀኙ የእኔ ነበር፤ ባዶ ትቼዋለሁ። ስህን እኔ ልሙላው ብላ እስክሪብቶ ስታነሣ እጇን ያዝኳት።

ያንቺን ቁጥር ብቻ እዪ ልጄ።

የምታነቢው ይግባሽ፣ የምትረግጪው ይለስልስልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፤ አሚን በዪ። ስህንም የግሸኗ ከፊትም ከኋላም ትሁንልሽ ብላለች፤ ለእሱም አሜን በዪ።

እናትሽ አሚናት